ካሴቱ ላይ የነበረው

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ውስጥ ውድድር ነበር፤ ዳኛዋ እኔ ነበርኩ። ዘመኑ 1969 ዓ.ም. ነው፤ ዕድሜዬ ዘጠኝ። ስሜ አፀደ ይባላል፤ ያደግኩትም ነፋስ ስልክ ነው።

የሚወዳደሩት ሁለት ቴፖች ነበሩ። አንደኛው የአባቴ ነው። አባቴ መኩሪያ በሰፈራችን ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ቴፑን ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ ጣልያን መሐንዲስ ገዝቶታል። ለመሸከም ሁለት ሰው የሚፈልግ ትልቅ ሳጥን ነው። ክዳኑ ሲነሳ የሞቀ አቧራና የላስቲክ ሽታ ይወጣል። ላዩ ላይ የሾርባ ሳህን የሚያካክሉ ሁለት ጥቅሎች አሉ፤ ክሩ ከግራው ጥቅል ተስቦ፣ መሐል ባሉት ትንንሽ ብረቶች ውስጥ ተሹለክልኮ፣ በቀኙ ላይ ይጠመጠማል። ያን ክር ማስገባት የሚችለው አባቴ ብቻ ነበር። ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያስገባው። እኛ በዚያን ሰዓት እንኳን ማውራት ማስነጠስም አይፈቀድልንም።

ሁለተኛው የጋሽ ዑስማን ነው። ጋሽ ዑስማን ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው፣ ሠላሳ ዓመት ገና ያልሞላው፣ ቤተሰቦቹ ቡታጅራ የሚኖሩ ቀጭን ሰው ነበር። ወንድሙ ከጅዳ የላከለት ቴፕ ከወፍራም መጽሐፍ አይበልጥም። እጀታ አለው፤ ከፊቱ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ መብራት ቢጠፋ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ካሴቱን መክተት፣ ቁልፉን መጫን፣ በቃ። አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ አስቀምጦኝ የቁልፎቹን ሥራ አንድ በአንድ አሳይቶኛል። ቀዩና ከጎኑ ያለው አብረው ከተጫኑ ይቀዳል አለኝ። ድምፄን ቀድቶ መልሶ ሲያሰማኝ የሌላ ልጅ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ።

አባቴና እሱ አንድ ዘፈን ከሬዲዮ በየፊናቸው ይቀዱና ቅዳሜ ያገናኙታል። እኔ ጥግ ላይ ባለው ዱካ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው ይከፈታል።

አባቴ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው። ክሩ ሰፊ ነው፣ ቶሎ ይሮጣል፣ ስለዚህ ብዙ ድምፅ ይይዛል፤ ክራሩ ክራር፣ ሰውየው ሰው ሆኖ ይሰማል፤ ያንተ ግን እንደሚጠበስ ዘይት ይንሿሿል። ጋሽ ዑስማን ደግሞ ይስቃል። እርስዎ ያን ሳጥን ተሸክመው የት ይሄዳሉ ይለዋል። የእኔ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ መኪና ላይ ይሰማል፤ ክሩን ቢበላው እንኳ በእስክሪብቶ አሽከርክሬ እመልሰዋለሁ።

ድምፁን በደንብ ባልለይም ሁልጊዜ ለአባቴ እፈርድ ነበር። ለአባቴ ካልፈረድኩ የሆነ ክፉ ነገር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር እንደዚያ ነበር። የግቢው በር ሲንኳኳ እናቴ እጇን አንገቷ ላይ ታደርጋለች፤ መኪና ቆም ሲል አባቴ ማኘክ ያቆማል፤ የፋብሪካው ሲረን ከሰዓቱ ደቂቃ ከዘገየ ሴቶቹ ደጃፍ ወጥተው ይተያያሉ። ማንም ምን እንደሆነ አይነግረኝም፤ ስለዚህ ራሴ የምጠነቀቅበት ነገር እፈልግ ነበር።

ፍርዴን ከሰጠሁ በኋላ ጋሽ ዑስማን ከኮቱ ኪስ ሌላ ካሴት ያወጣል። መንዙማ ነው። ድቤው መመታት ሲጀምር እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ትገባለች። እኔ ሄደሽ ተጫወቺ እባላለሁ። ጋሽ ዑስማንም ተነስቶ ይወጣና የግቢው በር ላይ ይቆማል። ተሸንፎ፣ አፍሮ የወጣ ይመስለኝ ነበር። መንገዱን ሊጠብቅ መሆኑን የሰማሁት አሥራ አራት ዓመት ቆይቶ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አምሐ ከዘመቻ ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ከቆየ በኋላ በኅዳር ወር ከቤት ወጣ። ሐረር ሥራ አግኝቶ አክስታችን ዘንድ ነው ተባልኩ። እናቴ ትከሻዬን ይዛ አስጠናችኝ። «ሰው ከጠየቀሽ ሐረር ነው በይ። ሌላ ነገር አትጨምሪ።» እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ራሴን እጠይቅና ሐረር ነው እላለሁ።

የሚገርመኝ ግን እናቴ ስለ አምሐ አንድም ቀን አለማውራቷ ነው። የምትጠይቀው ስለ አህመድ ነው። ጋሽ ዑስማን በመጣ ቁጥር አህመድ ሳሉ ተሻለው ወይ፣ አህመድ ይበላል ወይ፣ ብርድ ልብሱ ደረሰው ወይ ትለዋለች። አህመድ የጋሽ ዑስማን የእህቱ ልጅ ነው፤ ቡታጅራ ሱቅ ውስጥ ይሠራል ብለውኛል። የዑስማንን ካሴቶች የሚያመጣውና የሚወስደው ሮበሌ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አህመድን የሚያየውም እሱ ነው። የማላውቀውን ያን ልጅ ጠላሁት። የራሷ ልጅ ሐረር ሄዶ እናቴ በሰው ልጅ ሳል ትታመማለች ብዬ አለቀስኩ። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት ፊቷን አዙራ ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውን ፈትታ እንደገና አጠፈችው።

አህመድ አምሐ ነበር። የዑስማን ዘመዶች ስም ቀይረው ደብቀውት ነበር። መንዙማው አልቆ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ የሚመጣው የወንድሜ ድምፅ ነበር። ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ጽሕፈቱም ይታወቃል። ካሴት ግን ኬላ ላይ ተይዞ ቢሰማ እንኳ መጀመሪያው መንዙማ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ የሚያዳምጥ ወታደር የለም። አባቴና ዑስማን ቴፖቹን ማወዳደራቸው ከልባቸው ነበር፤ ግን ያ ሰው ቴፕ ይዞ በየሳምንቱ ምን ሊያደርግ ይመጣል ለሚል ጎረቤትም ጥሩ መልስ ሆኖላቸዋል።

ይህን ሁሉ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው የአባቴ ቴፕ አደጋ ላይ መሆኑን ብቻ ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሽ ዑስማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር በመስኮት ሰማሁት።

«ጋሽ መኩሪያ፣ ይሄ ትልቁ ከቤት ይውጣ። ትንሿ ትበቃለች። ቢመጡ ኪስ ውስጥ ትገባለች፤ ይሄን የት ይከቱታል?»

አባቴ መለሰ። «ሁለት ሰው ተሸክሞት መንገድ ላይ ሲወጣ ማን አያይም?»

ክርክሩን ዑስማን አሸነፈ ብዬ ደነገጥኩ። አባቴን አሳምኖ ትልቁን ቴፕ ሊያስጥለው ነው። እዚያ ትልቁ ቴፕ ላይ ደግሞ የአምሐ ድምፅ አለ። በመስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ማይኩን ይዞ እንደ ሬዲዮ ሰው ድምፁን አወፍሮ ዜና አንብቦልን ነበር። «የአፀደ መኩሪያ የፊት ጥርስ ዛሬ ረፋድ ላይ ከሥልጣን ወርዷል፤ ሕዝቡ በተረጋጋ ሁኔታ ሥራውን ቀጥሏል» ሲል አባቴ እንባው እስኪወርድ ስቆ፣ ወዲያው ድምፅህን ቀንስ አለው። ቴፑ ከወጣ አምሐ ይወጣል። ስለዚህ ዑስማን መሸነፍ አለበት፤ እኔ ስፈርድበት ሳይሆን ራሱ ጆሮው ሰምቶ አምኖ መሸነፍ አለበት።

በመጋቢት ወር ቅዳሜ ቀን፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጋሽ ዑስማን ብቻውን መጣ። አባቴ ሥራ ላይ ነው። እናቴ የቀበሌ ስብሰባ ሄዳለች፤ ያልሄደ ስሙ ይጻፋል። ዑስማን ላብ አጥምቆታል። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እጀታው ጠረጴዛውን መታው። ካሴቱ ውስጡ ነው።

«ሮበሌ አሁን ነው ያመጣው። አባትሽ ሲመጣ አብረን ነው የምንሰማው። እንዳትነኪው፣ እሺ አፀደ?»

እሺ አልኩ። ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ፤ ካሴቱን ሊያወጣው እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ መንገድ ላይ የሆነ ነገር ሰምቶ ተወውና ሮጦ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቴፑን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ከፈትኩት፤ ድቤውና መንዙማው መጣ። ያው የተለመደው ነው ብዬ ዘጋሁት፤ መለስኩት፤ ቀዩንና ከጎኑ ያለውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጫንኩ። ቁልፎቹ ጠንካራ አልነበሩም። የአባቴን ቴፕ ቢሆን ክሩን እንኳን አላስገባውም ነበር። ካሴት ግን ለልጅ ጣትም ይታዘዛል።

አፌን ወደ ቴፑ አስጠግቼ ስሜን ተናገርኩ። ሦስተኛ ሐ ክፍል ነኝ አልኩ። ማባዛት ከሁለት እስከ አምስት ወጣሁ። ሀ ሁን እስከ ፐ ድረስ አልኩት። ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገርኩ፦ «የጋሽ ዑስማን ቴፕ ይንሿሿል። የአባዬ ይበልጣል።» የምለው ሲያልቅብኝ እየሮጠ ተውኩት። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ አንዲት ሴት ከሩቅ ልጇን ተጣራች፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሞልቶ ቁልፎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው ሲነሱ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ።

ምን እንዳደረግኩ ያኔ ገባኝ፤ የሰው ንብረት አበላሽቻለሁ። አባቴ ተመትቼ የማላውቀውን ዱላ ይመታኛል ብዬ አሰብኩ። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩት፤ ምንም እንዳልተነካ ሆኖ ተቀመጠ።

አሥር ሰዓት ላይ እናቴ ነጠላዋ ወድቆ እየሮጠች ገባች። አሰሳ ነው አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ስብሰባው ላይ ሳሉ መንገዱን በሁለት በኩል ዘግተውታል፤ ከታች ጀምረው ቤት ለቤት እየመጡ ነው። ቴፑን ስታየው ቆመች። ዑስማን መጥቶ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ፣ ሮበሌ ያመጣው ነው አልኳት። ካሴቱን አውጥታ በእጇ ይዛ ቤቱን ዞረችው። ትራስ ሥር አደረገችው፤ አወጣችው። ምስር ማሰሮ ውስጥ ቀበረችው። የዚያን ጊዜ አባቴ ገባ፤ ፋብሪካውን ቀድመው ዘግተውት ነበር። የሥራ ቱታውን አላወለቀም።

«ከየት አገኘሽው?» አለ።

«ሮበሌ ዛሬ ያመጣው ነው።»

አባቴ ማሰሮውን ገለበጠና ካሴቱን አወጣው፤ ምስሩን በመዳፉ ጠረገ። ክሩን ጎትቶ ሊያቃጥለው እንደነበር በኋላ ለእናቴ ነግሯታል፤ ግን የጎረቤታችን በር እየተንኳኳ ነበር፤ የሚቃጠል ክር ደግሞ ይሸታል። መልሶ ቴፑ ውስጥ ከተተውና ጠረጴዛው መሐል፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀመጠው። የተደበቀ ነገር ካገኙ ነው የሚያልቅልን አላት። መጀመሪያው መንዙማ ነው፤ እስኪያልቅ አይቆሙም።

እነሱ ስድስት ነበሩ። መሪያቸው ቸኮል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ አብዮት ጥበቃ ከሆነ ገና አራት ወሩ። ከአምሐ ጋር አንድ ክፍል ተምሯል፤ በልጅነቱ ቤታችን ስንቴ ምሳ በልቷል። የአምሐን ሳቅ፣ ሳል፣ ድምፅ ከሺ ሰው መሐል ይለየዋል። ይህንን ዛሬ ሳስበው ነው የሚያልበኝ፤ ያኔ ግን ቸኮልን በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር።

አልጋውን ገለበጡ፤ የወለሉን ጣውላ በሰደፍ መቱ። ቸኮል ቁጭ ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አምሐ የት ነው?»

«ሐረር ነው» አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመርኩም።

ከዚያ ተነስቶ ጠረጴዛው ጋ ሄደ። ትንሿ የማን ናት አለ። አባቴ የዑስማን ናት፣ መንዙማ ይሰማባታል ብሎ መለሰ። ድምፁ ደረቅ ነበር። ቸኮል ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። እናቴ ግድግዳውን ተደገፈች። በአባቴ አንገት ላይ አንድ ሥር ሲመታ አየሁ። እነሱም ካሴቱን ማበላሸቴን አውቀዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

«አፀደ መኩሪያ እባላለሁ» አለ ቴፑ። «ሦስተኛ ሐ ክፍል ነኝ። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቸኮል ጥቂት ሰማ፤ ፈገግ አለ። ወደፊት አሽከረከረው፦ ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ። እንደገና አሽከረከረው፦ ውሻው ጮኸ። ዘጋው። ጎበዝ ናት አለና ራሴን ዳበሰኝ።

ትንሿን ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ተዋት። ትልቁን ግን ሁለቱ ተሸክመው ወጡ፤ ጥቅሎቹንም በካርቶን ይዘው። እንደዚያ ያለ መሣሪያ ለምን እንደሚያገለግል ይጣራል ተባለ። አባቴንም ለማስረዳት ይፈለጋል ብለው ይዘውት ሄዱ።

የአምሐን ዜና ወሰዱት ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። እናቴ ከመሬት ሳትነሳ፣ የለበትም፣ አባትሽ ካጠፋው ወር አልፎታል አለችኝ። በየካቲት አባቴ ማይኩን ሬዲዮ ፊት ተክሎ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ሲሞላ አይቼው ነበር፤ አዲስ ዘፈን እየቀዳ ነበር የመሰለኝ። የልጁን ድምፅ በገዛ እጁ እያጠፋ ነበር። ስምንት ቀን ይዘው የለቀቁትም በጥቅሎቹ ላይ ከዘፈን በቀር ምንም ስላላገኙ ነው። ሲመለስ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ከመሰላል ወድቆ ነው ብለውኝ አመንኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያናግረው ቀኝ ጎኑን ያዞር ነበር፤ ቴፕም ሬዲዮም ሁለተኛ አልከፈተም።

አባቴን ይዘውት በሄዱበት ሰዓት እናቴ ያደረገችውን ግን ዕድሜ ልኬን አልረሳም። ቴፑን ከጠረጴዛው አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰችው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ድምፅ ማውጫው ላይ ለጠፈች። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ማባዛቴን ሰማች፤ ሀ ሁዬን ሰማች፤ ውሻውን ሰማች፤ ከዚያ ምንም የሌለበትን መንሿሿት ሰማች። ቁልፎቹ ሲነሱ ካሴቱን ገልብጣ ሌላኛውን ገጽ ሰማች፤ መንዙማ ብቻ ነበር። እንደገና ገለበጠችው። ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ አያት ነበር። አልመታችኝም፤ አልተቆጣችኝም። ድምፄን ወደደችው ብዬ አሰብኩ። ጠጋ አልኩና፣ «አምስት ጊዜንም እኮ እችላለሁ፤ መጨረሻው ላይ አለ» አልኳት። «አዎ፣ ሰምቼዋለሁ፤ ጎበዝ» አለችኝ።

ያ የአምሐ የመጨረሻ ካሴት ነበር። ሮበሌ ሲቀበለው አምሐ የነገረው ከቡታጅራ እንደሚወጣና ወዴት እንደሚሄድ ካሴቱ ላይ ለእናቱ እንደተናገረ ብቻ ነው። በሳምንቱ ሮበሌ ሲመለስ አህመድ የሚባል ልጅ ሱቁ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ጋሽ ዑስማን በቀጣዩ ቅዳሜ መጣ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። ውድድር የለም፤ ቴፕም አይዝም። ከእናቴ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፤ እሷ ጎንበስ ብላ ታዳምጠዋለች። ስለ ተበላሸው ካሴቱ የሚከሰኝ መስሎኝ ቅዳሜ ሲመጣ ከዓይኑ እሸሽ ነበር።

ሁሉን ነገር የነገረችኝ በግንቦት 1983 ነው፤ ደርግ በወደቀ በሳምንቱ። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት ሆኖታል። አህመድ ማን እንደሆነ፣ ዑስማን በር ላይ ለምን ይቆም እንደነበር፣ ካሴቱ ምን እንደነበር ተራ በተራ ነገረችኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንደ ልጅ መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ። አውቄ ነው ያጠፋሁት፣ ለአባዬ ቴፕ ብዬ ነው አልኳት። ፀጉሬን እየዳበሰች ልጅ ነበርሽ አለችኝ። ደግሞም አንቺ ባታጠፊው ኖሮ ቸኮል ይሰማው ነበር፤ አባትሽም ዑስማንም አይተርፉም ነበር። ካሴቱ ላይ የነበረውንም አላጣሁትም፤ ዑስማን ቀድሞ ሰምቶት ነበር፣ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል አለችኝ።

በዚህ ንግግር ብዙ ዓመት ኖርኩ። ቤቴ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ለማየት እሄዳለሁ። ዑስማንም አርጅቶ፣ ሱቁን ለልጁ ለሙሄ ትቶ፣ አሁንም ይመጣል። እናቴ ያን ነገር ንገረን ትለዋለች፤ እሱም ይነግራታል። እማዬ ብሎ ጀመረ፤ ደህና ነኝ አለ፤ ሳሌ ለቆኛል አለ፤ ጸልዪልኝ አለ። ግን አንዳንዴ አምሐ ወደ ኬንያ እሄዳለሁ አለ ይላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ወደ ሱዳን። አንድ ቀን ታክሲ ድረስ ስሸኘው ይህንኑ ጠየቅኩት።

ቆመ። ምርኩዙን በሁለት እጁ ያዘ።

«አልሰማሁትም» አለኝ። «የሰው መልእክት እንዴት እከፍታለሁ? ሮበሌ ሰጠኝ፣ ይዤ ሮጥኩ። ያን ቀን አሰሳው ሲያልፍ እስከ መስኮታችሁ መጣሁ፤ እናትሽ መሬት ላይ ተቀምጣ የአንቺን ማባዛት ስታዳምጥ አየኋት። ምን ብዬ ልግባ? ተመለስኩና በቀጣዩ ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ አልኳት። አንዴ ካልኩ በኋላ መመለሻ የለውም።»

እንዳልነግራት ለመነኝ። ቃል ገባሁለት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ሌላ ጭንቀት ያዘኝ። እሱ ሲናገር እናቴ የምትይዘው ይመስለኛል። ሱዳን ሲል እኔ ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። ወራት እንዲህ አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ዑስማን ሳይመጣ በፊት እናቴ ጎኔ ተቀመጠችና፣ «አትጨነቂ» አለችኝ። «ዑስማን እንዳልሰማው አውቃለሁ።»

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ።

«አምሐ በሕይወቱ እማዬ ብሎኝ አያውቅም። ከአክስቶቹ ሰምቶ በቤት ስሜ ተሹዬ ነበር የሚለኝ፤ በየካሴቱም የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ዑስማን ያን አያውቅም፤ አንድም ቀን ገብቶ አልሰማማ። በመጀመሪያው ቀን እማዬ ብሎ ጀመረ ሲለኝ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰውዬው ነፍሱን ሊሰጥልን ነበር። ልጄን የደበቁት የሱ ዘመዶች ናቸው። ደግሞ…» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «ደግሞ በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ስለ አምሐ የሚናገር ሰው እሱ ብቻ ነው። ይናገርልኝ።»

በአሥር ሰዓት ዑስማን መጣ። ሻይ ቀዳሁለት። ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ሙሄ ልጆች አወራን። ከዚያ እናቴ እንደ ሁልጊዜው፣ እስቲ ዑስማን፣ ያን ነገር ንገረን አለችው።

ወደ እኔ አየ። ዓይኔን አላሸሸሁም።

«እማዬ ብሎ ነው የጀመረው» አለ። ደህና ነኝ እንዳለ፣ ሳሉ እንደተሻለው፣ ብርድ ልብሱ ሙቀት እንዳለው ተናገረ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። መጨረሻው ጋ ሲደርስ ዑስማን ብርጭቆውን አዞረ። አዲስ ነገር እየፈለገ መሆኑን አወቅኩ።

«ስለ አፀደም አለ» ብሎ ቀጠለ። «ታናሽ እህቴን በምንም ነገር እንዳትቆጧት አለ።»

እናቴ ዓይኗን ከፈተች፤ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እኔን አየችን።

«እውነት ነው» አለች። «ይላል፤ አምሐ እንደዚያ ይላል።»